ዶሮዋ ጠንካራ የሆነችው ለምኑ ነው? ከደሴና ከኮምቦልቻ ጓሮ የተማርኩት

ሰኞ ገበያ ወጥቶ ዶሮ የሚገዛ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቃል። «ጠንካራ ናት?» ሻጯም ወዲያው ትመልሳለች። «ኧረ ምን ነካህ ልጄ፣ የሐበሻ እኮ ናት!» እኔም ለዓመታት የጠየቅኩት ይህንኑ ነበር። አሁን ግን አንድ ቃል እጨምራለሁ። ጠንካራ ለምኑ? ለረሃቡ ነው? ለብርዱ? ለሙቀቱ? ለጭልፊቱ? ወይስ ዶሮ ለሚጨርሰው የፈንግል በሽታ? ለአንዱ የጠነከረች ዶሮ ለሌላው እንደ ወረቀት ትቀደዳለች። ዶሮ ለመግዛት ያሰበ ሰው ከዝርያው ስም በፊት ይህን ቢያስብ ብዙ ሐዘን ይቀርለታል።

እኔ ደሴ ነው የምኖረው። ልብስ እሰፋለሁ። የስፌት መኪናዬ በረንዳ ላይ ስለሆነ ዶሮዎቼ ቀኑን ሙሉ ከዓይኔ አይጠፉም። ታናሽ እህቴ ኮምቦልቻ ትኖራለች፤ እሷም ዶሮ አላት። በመካከላችን ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሐረጎን ተራራ ጠምዘዝ ጠምዘዝ ብሎ መውረድ ነው። ግን ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ስትሆን ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ትላለች። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ እኔ ጋቢ ስደርብ እህቴ መስኮት ከፍታ ትተኛለች። እኔ ጋ የተመቻት ዶሮ እሷ ጋ ትቸገራለች፤ እሷ ጋ የደላት እኔ ጋ ታነጥሳለች። ስለዚህ የምነግራችሁ ሁሉ ከሁለት ጓሮ የመጣ ነው።

መጀመሪያ የሐበሻዋን ነገር ልጨርስ።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ከተማውን ለቀን ስንወጣ 8 ቦቫንስ የሚባሉ የእንቁላል ዶሮዎች፣ 5 የሐበሻ እና 2 ፋዩሚ የሚባል ዝርያ ነበሩኝ። ይዣቸው መሄድ አልቻልኩም። የቤታቸውን በር ከፍቼ፣ የቀረውን በቆሎ መሬት ላይ በትኜ ወጣሁ። በታኅሣሥ ስንመለስ ከቦቫንሶቹ አንዷም አልነበረችም። ሦስት የሐበሻና አንድ ፋዩሚ ግን ጎረቤት ጓሮ ካለው የጽድ ዛፍ ላይ ሲወርዱ አየሁ። ገብስማዋማ ጫጩት አስከትላ ነበር! ማን አበላት፣ ማን አስታቀፋት? ራሷ ናት። ያን ቀን አለቀስኩ፤ በደስታ ነው።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ የሐበሻ ዶሮ ምንም አትሆንም ብዬ ደመደምኩ። በ2015 ዓ.ም. ለፋሲካ አውራ ዶሮ ገዝቼ ሐሙስ ዕለት ጓሮ ውስጥ አሰርኩት። ቅዳሜ ማታ ታረደ። በሚቀጥለው ሳምንት ገብስማዋ አረንጓዴ ተቅማጥ ጀመራት። በማግስቱ አንገቷ ተጠማዘዘ። በአምስት ቀን ውስጥ የሐበሻዎቹ በሙሉ አለቁ፣ ያሳደገቻቸው ልጆቿም ጭምር። ፋዩሚዋም አልተረፈችም። የተረፉት ማን ናቸው? ደካማ እያልኩ ስንቃቸው የነበሩ፣ አዲስ የገዛኋቸው አራት ቦቫንሶች። እነሱም ለሦስት ሳምንት ያህል እንቁላል አቆሙ እንጂ አልሞቱም። ልዩነቱ የዝርያ ጉዳይ አይደለም። ቦቫንሶቹ ተከትበው ነበር፤ የሐበሻዎቹን ያስከተበ አልነበረም። ያላስከተብኩት እኔ ነኝ። «የሐበሻ ክትባት አትፈልግም» ይባል ስለነበር አመንኩ።

አሁን ዝርያዎቹን አንድ በአንድ እንይ።

የሐበሻ ዶሮ ለረሃብ፣ ለአውሬና ለቸልተኛ ባለቤት ጠንካራ ናት። ጭልፊት ሲያንዣብብ ከሁሉም ቀድማ ትጮሃለች። ማታ ቆጥ ላይ ትወጣለች። ጫጩቶቿን ራሷ ትፈለፍላለች፣ ራሷ ታሳድጋለች። የምትጥለው በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ቢሆን ነው፤ ስለዚህ ሰውነቷ በእንቁላል አይሟጠጥም። ይህም አንዱ የጤናዋ ምስጢር ነው። ድክመቷ ሁለት ነው። ፈንግል ይጨርሳታል። ልቅ ስለምትውል ደግሞ የአንጀት ትልና ቅማል አያጣትም። የሐበሻ ከገዛችሁ በየሦስት ወሩ የትል መድኃኒት ስጡ፤ ክትባቱን ደግሞ እንዳታልፉ።

ከሐበሻዎቹ ውስጥ አንገተ መላጣዋን ኮምቦልቻ ላሉ ሰዎች ለብቻዋ ላንሳላቸው። ሰው መልኳን አይቶ ያልፋታል፤ በሽታ የነካት ይመስለዋል። አንገቷ የተራቆተው በዘር ነው። ላባዋ በአጠቃላይ ከሌሎቹ ያነሰ ስለሆነ ሙቀት ከሰውነቷ በቀላሉ ይወጣል። እህቴ ያሏት ሁለቱ በግንቦት ፀሐይ ሌሎቹ አፋቸውን ከፍተው ሲያለከልኩ እነሱ ይጭራሉ። ወደ ደሴ አምጥቼ አንዷን ሞክሬያት ነበር። በኅዳር ውርጭ ጥግ ይዛ ተኮራምታ ታድራለች። መለስኳት።

ቦቫንስ ብራውን የእንቁላል ዶሮ ናት። በደንብ ከበላች በዓመት ወደ 300 እንቁላል ትሰጣለች። ይህ ግን ከሰውነቷ የሚከፈል ነው። የእንቁላል ቅርፊት የሚሠራው ከካልሲየም ነው። ከመኖው ካላገኘችው ከአጥንቷ ትወስደዋለች። ያኔ ቅርፊቱ ይሳሳል፣ እግሯ ይከዳታል፣ ቁጭ ብላ ትቀራለች። ሰዎች «ሽባ ሆነች» ብለው ያርዷታል። እኔ የእንቁላል ቅርፊት ሁሉ አጥቤ፣ ምጣድ ላይ አድርቄ፣ ፈጭቼ በተለየ ጣሳ አስቀምጥላቸዋለሁ። የፈለገችው ትወስዳለች። የእንቁላል ጣይ መኖ ደግሞ በቀን ለአንዷ ከ110 እስከ 120 ግራም ያስፈልጋል። ፉርሽካ ብቻ በትኖ ከቦቫንስ እንቁላል መጠበቅ ዶሮዋን መበደል ነው።

ቦቫንስ ላይ ሌላም የማየው ነገር አለ። ገና መጣል ስትጀምር፣ እንቁላሉ ትልቅ ከሆነ፣ የመውለጃዋ ሥጋ ወደ ውጭ ሊወጣ ይችላል። ቀይ ነገር ያዩ ጓደኞቿ ይነክሷታል። አንዴ ደም ካዩ አያቆሙም። ወዲያው ለይታችሁ ለብቻዋ ጨለም ያለ ቦታ አኑሯት። ቀስ ብሎ በንጹሕ እጅ ሊመለስ ይችላል፤ ካልሆነ ሐኪም ይየው። ዕድሜዋ ሲገፋ ደግሞ ሆዷ ያብጣል፣ እንደ ዳክዬ ትራመዳለች። አስኳሉ መንገዱን ስቶ ሆዷ ውስጥ ሲፈስ የሚመጣ ነው። ለዚህ እኔ መፍትሔ አላገኘሁለትም። እንዳትሠቃይ አድርጌ አሰናብታታለሁ። ቦቫንስ አትታቀፍም፤ ስለዚህ ጫጩት ለሚፈልግ ሰው አንድ የሐበሻ እናት ጎን ለጎን ያስፈልጋታል።

ሳሶ የምትባለውን ዝርያ ከእህቴ ጋር ነው የሞከርነው። 20 ቄብ ገዝተን አሥር አሥር ተካፈልን። አመሏ የዋህ ነው። ሰው አትሸሽም። ትበላለች፣ ታድጋለች፣ ሥጋም እንቁላልም ትሰጣለች። ግን ከባድ ናት። እኔ ለሐበሻዎቹ የሠራሁት ቆጥ ከሰው ትከሻ በላይ ነበር። ሳሶዎቹ ጠዋት ጠዋት ከዚያ ሲዘሉ መሬቱን ይመቱታል። በሁለት ወር ውስጥ ሦስቱ አነከሱ። መዳፋቸው ሥር ጥቁር ነጥብ ያለው ጠንካራ እብጠት ነበር። ቁስሉን በጨው ውኃ ዘፍዝፌ፣ በአዮዲን ቀብቼ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ሁለቱን አዳንኩ። ከዚያ ቆጡን ወደ ጉልበት አወረድኩት፤ ከሥሩም ጭድ አነጠፍኩ። ችግሩ ቆመ። እህቴ ጋ ያሉት በእግር አልታመሙም። እሷን ያጠቃት ሙቀቱ ነው። በሰኔ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ሁለት ሞቱባት። «ደህና ነበሩ፣ አሁን በልተው ነበር» እያለች ደወለችልኝ። ነገሩ እዚያው ላይ ነው፤ በቀትር በልተው ነበር። ዶሮ ስትበላና ስትፈጭ ሰውነቷ ይሞቃል። በሙቀት ወቅት መኖ ጠዋት በማለዳና ከ11 ሰዓት በኋላ ነው የሚሰጠው። ቀን ላይ ጥላና ቀዝቃዛ ውኃ ብቻ። አሁን ቆርቆሮው ላይ ሳር ጭናለች፣ ግድግዳውንም በሽቦ ለውጣዋለች።

ኮኮክ የምትባለው ዝግርግሯ ዶሮ ከደቡብ አፍሪካ የመጣች ናት። ለእኔ ጓሮ እስካሁን የተስማማችኝ እሷ ናት። ላባዋ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ የደሴን ሌሊት ትችለዋለች። ከሐበሻ በብዙ ትጥላለች፤ ከቦቫንስ ታንሳለች። እሷም ብትሆን ሳትከተብ ከፈንግል አታመልጥም። ጫጩቶቿ ሲፈለፈሉ አናታቸው ላይ ሰፋ ያለ ነጭ ነጥብ ያላቸው ወንዶች ናቸው።

ፋዩሚ ከግብፅ ነች። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ዘላይ። አንዳንድ በሽታዎችን፣ በተለይ ማሬክስ የሚባለውን ነርቭ የሚያሽመደምድ የቫይረስ በሽታ፣ ከሌሎች ዝርያዎች በተሻለ ትቋቋማለች። አጥር ግን አይዛትም። ጎረቤት ጎመን ያለው ሰው ፋዩሚ ባይገዛ ይሻላል።

የሥጋ ዶሮ፣ ያ በስድስትና በሰባት ሳምንት ለእርድ የሚደርሰው፣ ደሴ ላይ ልዩ ችግር አለው። ከፍታው ላይ አየሩ ስስ ነው። ቶሎ የሚያድገው ሰውነት ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ልቡና ሳንባው አይደርሱለትም። ልቡ ሲደክም ሆዱ ውኃ ይቋጥራል፣ ቆዳው ይጠቁራል፣ ይሞታል። ተላላፊ አይደለም፣ መድኃኒትም አያድነውም። የሥጋ ዶሮ ማርባት የፈለገ ሰው ኮምቦልቻ ይውረድ እላለሁ። ደሴ ላይ ግድ ካለ ደግሞ መኖውን ቆጠብ አድርጎ ዕድገቱን ማዘግየትና ቤቱን ሳያፍኑ ማሞቅ ነው።

ማሞቅ ካልኩ አይቀር፣ የደሴ ሰው የሚሠራውን አንድ ስህተት ልናገር። ብርዱን ፈርተን የዶሮ ቤቱን በላስቲክ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ግጥም አድርገን እንዘጋለን። ጠዋት ስንከፍተው ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ይወጣል። ያ የኩሱ አሞኒያ ነው። ሳንባቸውን የሚያቆስለው እሱ ነው። ዶሮ ደረቅ ብርድን ትችላለች፤ የማትችለው እርጥበትና የታፈነ አየር ነው። ከታች በኩል ንፋስ እንዳይገባ ዝጉ። ከላይ፣ ከጣሪያው ሥር፣ አንድ ስንዝር ክፍት ተዉ። ለጫጩት ደግሞ ከሰል አንድዶ በር መዝጋት ፈጽሞ አይሁን። የጎረቤቴ ልጅ አርባ ጫጩት በአንድ ሌሊት ያጣው በከሰል ጭስ ነው። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር የሳር ሳጥን ይሻላል። ሳጥኑ ጎንና ጎኑ በደረቅ ሳር ይጠቀጠቃል፤ ጫጩቶቹ መሐል ላይ በራሳቸው ሙቀት ያድራሉ። በእንጨትና በጆንያ የሚሠራ ነው፣ ወጪ የለውም። ተኮማትረው ከተደራረቡ በርዷቸዋል፤ ጥግ ይዘው ክንፋቸውን ከዘረጉ ሞቋቸዋል።

የክረምቱ እርጥበት ሌላም ጣጣ ያመጣል። በሐምሌና በነሐሴ ከሦስት እስከ ስምንት ሳምንት ዕድሜ ያላቸው ጫጩቶች ሲኮራመቱ፣ ላባቸው ሲቆም፣ ኩሳቸው ላይ ደም ሲታይ ኮክሲዲዮሲስ ሊሆን ይችላል። የሚመጣው ቤታቸው ወለል ላይ ከሚነጠፈው እርጥብ ምንጣፍ ነው። ለዚህ አምፕሮሊየም የሚባል በውኃ የሚሰጥ መድኃኒት አለ፤ መጠኑን የእንስሳት ሐኪም ይንገራችሁ። ከመድኃኒቱ በላይ ግን ምንጣፉ ነው። እኔ ከአናጺ ቤት ሰጋቱራ አመጣለሁ። በእፍኜ ጨብጬ ስለቀው ከተበተነ ደህና ነው፤ ተጣብቆ ከቀረ ያኔውኑ ይቀየራል። የውኃ ዕቃውን ደግሞ ድንጋይ ላይ አስቀምጡት፤ ግማሹ እርጥበት የሚመጣው ከእሱ ነው። እህቴ ጋ ኮክሲዲዮሲሱ እንደ እኔ አይበረታም። እሷን ከዝናብ በኋላ የሚያስቸግራት ፈንጣጣ ነው። ትንኝ ታስተላልፈዋለች። አናታቸውና ዓይናቸው ዙሪያ ኪንታሮት የመሰለ ነገር ይወጣል። ለእሱም በክንፍ ላይ የሚወጋ ክትባት አለ።

ተባዩን ባጭሩ ልበል። ቀን ቀን ዶሮዋ ላይ ምንም አይታይም፤ ሌሊት ግን ከቆጡ ስንጥቅ ወጥቶ ደም የሚመጥ ቀይ ቅንቅን አለ። ዶሮዋ ትገረጣለች፣ እንቁላል ትቀንሳለች፣ ማታ ቤት አልገባም ትላለች። በእጅ ባትሪ ማታ ቆጡን እዩት። ቆጥ ከባሕር ዛፍ ስትሠሩ ልጣጩን ላጡት፤ መደበቂያው እሱ ነው። ጓሮ ላይ ደግሞ ደረቅ አፈርና የምድጃ አመድ ቀላቅላችሁ መንከባለያ አድርጉላቸው።

አሁን ወደ ፈንግል ልመለስ፤ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ ጓሮ የሚያራቁተው እሱ ነው። ፈንግል ቫይረስ ነው። ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ ሎሚ፣ አረቄ፣ ሁሉንም ሲሰጡ አይቻለሁ፤ እኔም ሰጥቻለሁ። የሰው የቴትራሳይክሊን እንክብል ፈትቶ መስጠትም አያድንም። ያለው መንገድ ቀድሞ መከተብ ብቻ ነው። ክትባቱ ደብረ ዘይት ባለው የብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይመረታል። ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት በዓይን ጠብታ ይጀምራል፤ በአራተኛው ሳምንት አካባቢ ይደገማል፤ ከዚያ በየሦስት ወሩ። ጉምቦሮ የሚባለው የሌላ የጫጩት በሽታ ክትባት በመካከል ይገባል፤ ቀኑን ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ።

ክትባቱ ሙቀት አይወድም። እኔ በፔርሙስ በረዶ ይዤ ሄጄ ነው የማመጣው። በውኃ የምትሰጡ ከሆነ የቧንቧውን ውኃ ማታ ቀድታችሁ ክፍት አሳድሩት፤ ክሎሪኑ ክትባቱን ይገድለዋል። በሊትር ሁለት ግራም ተኩል ገደማ ስብ የሌለው ዱቄት ወተት ጨምሩ። ዶሮዎቹ ቀድመው ሁለት ሰዓት ያህል ውኃ ይከልከሉ፣ ከዚያ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይጨርሱት። እህቴ በማለዳ ትሰጣለች። ደሴ ላይ በማለዳ ብትሰጡ ዶሮ በብርድ ውኃ አትጠጣም፤ እኔ ፀሐይ እስክትሞቅ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ድረስ እጠብቃለሁ። ዶሮዎቹ ከሃያ በታች ከሆኑ ግን ጠብታው ይበልጣል። አንገቷን ያዝ፣ ዓይኗ ላይ አንድ ጠብታ፣ ዓይኗን እስክትጨፍን መጠበቅ፣ መልቀቅ። የታመመች ዶሮ አትከተብም።

ከገበያ የመጣች ዶሮ ሁሉ፣ የበዓል አውራም ቢሆን፣ ከሌሎቹ ጋር አትገናኝ። ለማቆየት የገዛችኋትን ሦስት ሳምንት ለብቻዋ አኑሩ። የበዓሉን አውራ ደግሞ ጓሮ ሳይሆን ሌላ ቦታ እሰሩት። ያበላችሁበትን ዕቃ በበረኪና እጠቡ። ላባና ሆድቃውን ለውሻ ወይም ለዶሮ አትጣሉ፤ ቅበሩት።

ማታ መብራት ካጠፋሁ በኋላ ዶሮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ጆሮዬን እደግፋለሁ። ጤነኛ ዶሮ ቤት ዝም ይላል። ኩር ኩር የሚል ትንፋሽ ወይም ማስነጠስ ከሰማሁ ጠዋት እሷን እለያለሁ። በዚህ ብቻ ብዙ ጊዜ ቀድሜ ደርሻለሁ። ድንገት ሁለት ሦስት ከሞቱ ደግሞ አትገምቱ። ኮምቦልቻ የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ አለ። በዚያው ቀን የሞተችውን በሁለት ላስቲክ ጠቅልላችሁ፣ በረዶ ጎኗ አድርጋችሁ ውሰዱ። የበሰበሰች ሬሳ ምንም አትናገርም። የቀሩትን ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ኖራ ነስንሳችሁ ቅበሩ።

የመጨረሻው ነገር ጎረቤት ነው። አንዱ የክትባት ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ነው፤ አንዴ ከተበጠበጠ ደግሞ አይቀመጥም። እኔ አሥራ ሁለት ዶሮ ይዤ ቀሪውን እደፋ ነበር። አሁን በየሦስት ወሩ ቡና ላይ ቀን እንቆርጣለን። በዋዜማው ማታ ሁሉም ዶሮውን ሳያወጣ ያሳድራል። ጠዋት ልጆቹ እየያዙ ያመጣሉ፤ እኔ እጠባጥባለሁ፤ አንዲት እናት ደግሞ የተከተበችውን እግሯ ላይ ቀይ ክር ያስሩላታል። ክሩን ከስፌት ቤቴ ነው የማመጣው። ባለፈው ስድስት ቤት ነበርን። የሚቀጥለው ከክረምቱ በፊት ነው፤ የታችኛው ሰፈር ሰዎችም እንዲገቡ ነግሬያቸዋለሁ።